እህቴ ያጠፋቻቸው የእናቴ ዘፈኖች

ታላቅ እህቴ የእናታችንን ዘፈኖች አጥፍታብኛለች። በሐዘን ላይ፣ ሆን ብላ፣ አንድም ሳታስቀር። በይሉኝታ ዝም ያልኩትን አሁን ልጽፈው ነው፤ መጻፍ የቻልኩትም እሷው ባናደደችኝ ንዴት ነው።

እናታችን መካኒሳ አቦ እህቴ ቤት ነበር የምትኖረው። ዓይኗ ሲደክም ከቤት መውጣት ተወች። ኤምፒስሪ ማጫወቻ ገዛሁላትና አባታችን የተዋቸውን ካሴቶች ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ካለ ሙዚቃ ቤት እየወሰድኩ አስገለበጥኩላት። ሁሉንም አይደለም፤ «ይሄ ይግባ፣ ያ ይቅር» እያለች እሷ ናት የመረጠችው። ዋሽንቱ ከሠርግ ዘፈኑ ቀጥሎ ካልመጣ ብላ ስንቴ አመላልሳኛለች። ፊደል አላውቅም ነበርና ዘፈኖቹን የማውቃቸው በተራቸው ነው፤ የቱ ከየቱ በኋላ እንደሚመጣ፣ ቁልፉን ስንቴ እንደምጫን።

ሞተች። የሣልስቱ ዕለት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። አጠገቤ ያሉት ካርታ ይጫወታሉ፤ ይጮሃሉ፣ ይሳሳቃሉ። የእነሱ ማስተዛዘን ነው፤ የእኔ ነውር ሆነ። እህቴ ገመዱን አየችው።

«የእናትህ አፈር ሳይደርቅ ትጨፍራለህ?»

«የእሷ ዘፈን እኮ ነው፣ እትዬ።»

«የማንም ይሁን! ሰው ምን ይላል?»

ነጥቃኝ ጓዳ ገባች። ስትመልስልኝ ባዶ ነበር። ፎርማት አድርጋዋለች። እሷ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ናት፤ ምን እንደምትጫን ታውቃለች።

ካሴቶቹ ያሉት የእሷ ቡፌ ውስጥ ነው። ብጠይቃት «ዓመቱ ሳይወጣ ከዚህ ቤት ዘፈን አይወጣም» አለችኝ። ባለሱቁ ከራሱ ኮምፒውተር እንዲሞላልኝ ሙዚቃ ቤት ሄድኩ። ባለሱቁ «ርዕሱን ንገረኛ፣ ፋዘር» አለኝ። ከሠርግ ዘፈኑ ቀጥሎ ያለው ዋሽንት አልኩት። ሳቀብኝ። ለካ የእናቴ ምርጫ ከእኔ ጭንቅላት ሌላ የትም አልቀረም፤ እኔ ደግሞ በስሙ ልጠራው አልችልም። በዚያ ንዴት የማታ ትምህርት ገባሁ። ሽበቴን ይዤ ከ«ሀ» ጀመርኩ።

ከእህቴ ጋር አንነጋገርም። እሷ ዓመቱን ሙሉ ከል ለብሳ፣ ሬዲዮ እንኳ ሳትከፍት ተቀመጠች። ይህን የምታደርገው ሰው አይቶ እንዲመሰክርላት ነው ብዬ አምን ነበር። አሁንም በከፊል አምናለሁ። ግን ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትሆን ማን ያያታል? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ አንስቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ።

ሙት ዓመቱ ወጣ። በማግስቱ እህቴ ከሏን አውልቃ፣ ካሴቶቹን በሻሽ ቋጥራ ቤቴ መጣች።

«የትኞቹ እንደሆኑ ታስታውሳለህ?» አለች። ይቅርታ አላለችም። እኔም አልጠበቅኩም።

አብረን ሙዚቃ ቤት ሄድን። ተራውን እየነገርኩ አስገለበጥኩ። ስማቸውንም ራሴ ጽፌ ሰጠሁትና ባለሱቁ በኮምፒውተር መታው። የዘፈን ርዕስ አልጻፍኩም። «ሽንኩርት ስትከትፍ»፣ «አባባ ያመሸ ቀን»፣ «ስታኮርፍ» ብዬ ነው የጻፍኩት።

ከሱቁ ወጥተን ማጫወቻዋን ስከፍታት ፊደል የለም። ትንሿ ስክሪን አማርኛ አታነብም፤ ባዶ ሳጥን ብቻ ደረደረችልኝ። ዓመት ሙሉ የለፋሁት ለዚህ! እህቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«አንተ ተማርክ፣ እሷ መሃይም ቀረች» አለች።

ሳቄ አመለጠኝ። እንደ ድሮው በተራው እየቆጠርኩ ዋሽንቱ ላይ ደረስኩ። አንዱን ማዳመጫ ለእሷ ሰጠሁ፣ ሌላውን እኔ ሰካሁ። እዚያው የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ሕዝብ እያየን፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ አለቀሰች።

«ሰው ምን ይላል፣ እትዬ?» አልኳት።

«ይበል» አለች።

ጥቅምት አምስት ነበር፣ የአቦ ዕለት፤ የሰፈሯ ሰው ሁሉ ከንግሥ ሲመለስ።