ልጄን ለአዞ አልድርም

ልጃችን አርባ ምንጭ ለማስተማር በሄደች በሦስተኛው ዓመት «የዚህ አገር ልጅ ሊያገባኝ ይፈልጋል፤ እኔም ወድጄዋለሁ» ብላ ደወለች። ባለቤቴ ስልኩን ሳትዘጋ «ልጄን ለአዞ አልድርም!» አለች። የጫሞን ሐይቅ አዞዎች አንድ ቀን በቴሌቪዥን አይታለች። ከዚያ ወዲህ በእሷ ቤት አርባ ምንጭ ማለት አዞ መታወቂያ አውጥቶ የሚኖርበት ከተማ ነው።

«እኔ አይቼው ልምጣ» አልኳት።

«አንተ? እዚህ ጉደር ደርሰህ ስትመለስ እንኳ ባሕር የተሻገርክ ነው የምትመስለው!»

አልዋሸችም። አምቦ ውስጥ እኔ «ዘነበ» ካልኩ ሰው ወጥቶ ሰማዩን ያያል። ስለዚህ ምስክር ታዘዘልኝ፤ ጊንጪ ጤፍ የሚነግደው ታላቅ ወንድሟ። አማቼ ቃልን እንደ ጤፉ መዝኖ ነው የሚያወጣው። ከጊንጪ ተሳፍሮ አርባ ምንጭ እስክንገባ የተነፈሰው «መስኮቱን ዝጋው» ብቻ ነው። ሶዶን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ፣ ሻይ የመሰለው የአባያ ሐይቅ በግራችን ብቅ ሲል፣ እኔ ኮቴንም ሹራቤንም አውልቄ ቆዳዬ ብቻ ቀርቶኛል። እሱ ጋቢውን አላወለቀም።

የልጁ አባት ሙዝ አምራች ናቸው። ምሳ የቀረበልን ዓሣ ቆሞ ቢሄድ በበሩ አያልፍም ነበር። ከዚያ በማንጎ ዛፍ ሥር ባለች ቆርቆሮ ቤት ጋደም እንድንል ተደረገ። እንቅልፍ ሸለብ እንዳደረገን ጣሪያው «ጓ!» አለ።

«ያ ዋቃ! አዞው ጣሪያ ላይ ወጣ!» አማቼ ከነጋቢው ጠረጴዛው ላይ ቆሟል።

የልጁ አባት እየሮጡ መጡ። «ኧረ ማንጎ ነው አባቴ! ሲበስል ይወድቃል።»

ልጄ ግቢው ውስጥ በሳቅ ወድቃለች፤ ማለት ልትወድቅ ስትል የልጁ እናት፣ የወደፊት አማቷ፣ ትከሻቸውን ሰጥተዋት፣ ሁለቱም እንባቸውን ይጠርጋሉ። አማቼ ከጠረጴዛው ሳይወርድ እነሱን ትክ ብሎ አያቸው። ወርዶ የወደቀውን ማንጎ ተቀብሎ በላ። ሁለተኛ ጨመረ። ጋቢውን አወለቀ!

«መቼ ነው አጨዳችሁ?» ሲል ጠየቀ።

«ዓመቱን ሙሉ የሚደርስ ነገር አይጠፋም። ሙዙማ እረፍትም አያውቅ።»

ሰኔና ሐምሌ ዘርቶ እስከ ኅዳር ሰማይ ሰማይ ከሚያይ አገር ለመጣ ሰው ይህ ተረት ነው። ያን ቀን እንደ ሕፃን ሲገረም ዋለ።

አምቦ ስንመለስ ባለቤቴ «እንኳን ደህና መጣችሁ»ም አላለች። «ወንድም ጋሼ፣ አንተ ንገረኝ።»

«አዞው ሐይቅ ውስጥ ነው» አለ። «ቤት ላይ የሚወድቀው ማንጎ ነው። አንዱ ይህን ጭንቅላቴን ያክላል።»

ጆሮዬን አላመንኩም። «ኧረ ወንድም ጋሼ፣ ግማሹንም አያክልም!»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ... አሳነስክ?» አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። «ልጄስ?»

«የአማቷን ትከሻ ተደግፋ ስትስቅ ትቻታለሁ» አላት ወንድሟ። «የምትስቀው በእኔ ነው። ግን እዚያ ቤት እንግዳ አይደለችም።»

ባለቤቴ ከዚያ ያመጣነውን ካርቶን ከፍታ አንድ ማንጎ አነሣች፣ አሸተተች። «እሺ። ሠርጉ ግን እዚህ አምቦ ነው። በል ቢላዋ አቀብለኝ።»

ያን ቀን አሥራ ሁለት ማንጎ በላች። እሷ ሁለት ነው ትላለች፤ ምን ዋጋ አለው፣ ምስክሩ ጊንጪ ገብቷል።