የአዴ ጫልቱ በቆሎና አውራ ጣቴ

አዴ ጫልቱ ማረፋቸውን ከአንገር ጉቲን በስልክ የነገሩኝ ዛሬ ጠዋት ነው። ቀብሩ ነገ ነው፤ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፌ የማነበው ደግሞ እኔ ነኝ። ልጆቻቸው ሲጠይቁኝ አላንገራገርኩም። አባቴ የተቀበረ ጊዜ እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር፤ አንድ የማናውቀው ሰው ተነስቶ ወሎ ውስጥ አባቴ ረግጦት የማያውቀውን አገር የትውልድ ቦታው አድርጎ፣ ያልወለደውን ልጅ ጨምሮ፣ እኔን ደግሞ ዘሎኝ አነበበ። የአዴ ጫልቱን ታሪክ እንዲህ ያለ ሰው አይነካውም።

ነቀምቴ ቤቴ ቁጭ ብዬ አዲሱን የብሬል ማሳያ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁ። ነጠብጣቦቹ እየተነሱ በጣቴ የማነብበት መስመር አለው፤ ስድስት መጻፊያ ቁልፎችና ከሥራቸው የባዶ ቦታው ቁልፍም አሉት። ንባቡ ደህና ነው። ልጽፍ ስል ግን ፊደል የለም፤ ገጹ ይዘላል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ገመዱን ነቅዬ መለስኩ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ የመጻፊያ ቋንቋውን ፈተሽኩ፤ አማርኛ ላይ ነው። ተራው ኪቦርድ ይሠራል፤ ግን በጎልማሳነቴ የተማርኩት ብሬል ብቻ ስለሆነ እሱ ለእኔ ጣውላ ነው። ቢቸግረኝ ዕቃውን ለሸጠልኝ ለጉራጌው ሳቢር ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ዕቃው ደህና ነው» አለኝ።

«ታዲያ የተበላሸሁት እኔ ነኝ?»

«እሱን ጋራዥ ይጠይቁ። ይልቅ የቁልፍ መፈተሻውን ያብሩና አንድ ቁልፍ ይንኩ፤ ምን እንደነኩ የኮምፒውተሩ ድምፅ ይነግርዎታል።»

አበራሁና አንድ ቁልፍ ነካሁ፤ ድምፁ ግን ቁልፉን ከባዶ ቦታው ጋር አጣምሮ ጠራው። ደገምኩ፤ ያው ነው። ባዶ ቦታው ከፊደል ጋር አብሮ ሲነካ ለዚህ ዕቃ ትእዛዝ ነው፤ ዝጋ፣ ዝለል፣ ተመለስ። ለካ የቀኝ እጄ አውራ ጣት ቁልፉ ላይ ተጋድሟል! የድሮው የብረት የብሬል መጻፊያዬ ቁልፉ ከባድ ስለነበር ጣት ቢጋደምበት ደንታ አልነበረውም፤ ይኼኛውን ግን ትንፋሽም ይነካዋል።

ጣቴን ዳሰስኩት። ቆዳው ዛሬም የጫማ ሶል ነው።

ከወሎ መጥተን ጉቲን በሰፈርን ማግስት ኩፍኝ ዓይኔን ወሰደው። አባቴ ትምህርት ቤት ቢወስደኝ መምህሩ «ሰሌዳው ለሱ ምኑ ነው?» ብሎ መለሰን፤ አባቴም እጅ ነስቶ አመሰገነው፤ ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ ወዲያ ውሎዬ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ዳስ ሥር ሆነ፤ የቆላው ሙቀት ከላይ እየወረደ፣ የደረቅ በቆሎ ሽታ ከአቧራው ጋር ጉሮሮዬን እየከረከረ፣ ነቀዙ በክንዴ ሽቅብ እየሄደ፣ ዶሮዎቹ የወደቀውን ለመልቀም እግሬን ሳይቀር እየነቆሩ፣ ስፈለፍል እውላለሁ። የመጀመሪያውን ረድፍ እሳቸው በወስፌ ይከፍቱልኛል፤ ከዚያ አውራ ጣቴ ክፍተቱ ውስጥ ተጋድሞ ቀጣዩን ረድፍ ይገፋል። ጣቴን ካነሳሁ ረድፉ ይጠፋኛል፤ ያን ጊዜ ፍሬው ባለቀ የበቆሎ አገዳ፣ በቆረቆንዳ፣ እጄን ቸብ ያደርጉኛል።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ጣትህን አታንሳ ብዬሃለሁ! መንገዱ ይጠፋሃል!»

እናቴ ከአጥር ማዶ ትስቃለች። «ልጄን ወፍጮ አደረግሽው እኮ!»

«ወፍጮ በየት አገር ይበላል? ይሄ ልጅሽ እየፈለፈለ ይጨርሰዋል!»

እውነታቸውን ነው፤ እበላ ነበር። እኩዮቼ ከትምህርት ቤት ተመልሰው ያጠኑትን እየጮሁ ሲያልፉና አንገቴን ስደፋ ግን አዴ ጫልቱ ዝም አይሉም። «ጩኹ፣ ጩኹ! እራታችሁን የሚፈለፍለው እሱ ነው!» ይሏቸዋል። ልጆቹ ይስቃሉ፤ እኔ ጣቴን አጠብቃለሁ። በዚያ አገር አንድ ሥራ ሰጥቶኝ፣ ስሳሳት የተቆጣኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሌላው አዝኖልኝ አለፈ።

ዛሬ ጉቲን በቆሎ የሚፈለፈለው በሞተር ነው አሉ። ዳሱ ፈርሷል። ከአጥር ማዶ የምትስቀው እናቴም የለችም፤ ቤታችን የነበረበትን ቦታ ብወርድ የሚያሳየኝ ሰው ማግኘቴን እንጃ።

አውራ ጣቴን አንስቼ «ጫልቱ» ብዬ ጻፍኩ። ስማቸው ከጣቴ ሥር ተነሳ። ቀጠልኩ፤ ቆረቆንዳው ጋ ስደርስ ግን ጣቴ ሳላውቀው ወርዶ ተጋደመና ፋይሉ ተዘጋ። በገንኩ። መጨረሻ ላይ ያን ጣት ወደ መዳፌ አጥፌ በጫማ ክር አሰርኩት፤ ባዶ ቦታውን ለግራው አውራ ጣት ሰጠሁ። ፀሐይዋ ከመስኮቴ ሳትለቅ ታሪካቸው አለቀ፤ የተወለዱበት አገር ልክ ነው፣ የወለዷቸው ልጆች አልጎደሉም፣ እኔም አለሁበት።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጻፍኩት ጣቴን አንስቼ ነው። በቆረቆንዳ የመታኝ የለም።