ካሜራዋን መንገዱ መሀል የተከለችው

የሰፈሩ ሰው «ግትሯ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ሙያውን ያስተማራት የፎቶ ቤቱ ጌታ ነው። በኮረዳነቷ ሥራ ፍለጋ ብትመጣበት፣ ሴት ልጅ ጨለማ ክፍል ተዘግታ ፊልም ስታጥብ ብትውል የሰው አፍ አያስቀምጣትም ብሎ መለሳት። በማግስቱ መጣች። በሳልስቱም መጣች። ደጅ ስትጠናው ሰንብታ፣ ሲቸግረው የማጠቢያውን ሳህን አቀበላትና «እንግዲህ አንቺ ግትር፣ ግቢ» አላት። እሷም ገባች፤ ዳግመኛም አልወጣችም። ሰውየው ሲሞት ቤቱንም፣ ሆዱ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈውን አሮጌ ካሜራውንም ለእሷ ተወላት።

ኋላ ስልክ ሁሉ ካሜራ ሆነ። በዚያ መንገድ ላይ የነበሩት ፎቶ ቤቶች አንዱ ጫማ መሸጫ፣ አንዱ ስልክ መጠገኛ ሆነው ቀሩ። እሷ ግን ለእንጀራዋ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ በአዲሱ ካሜራ እያነሳች፣ ለነፍሷ ደግሞ አሮጌውን ተሸክማ ወደ በረሃው ትወጣ ጀመር። እዚያ፣ አስፋልቱ በሌላ በኩል ከመዘርጋቱ በፊት መኪና ሁሉ ያልፍበት የነበረ፣ ድንጋዩ በእጅ ተጠርቦ የተደረደረ የድሮ መንገድ አለ። አባቷ ከደርዳሪዎቹ አንዱ ነበር። ጉልበቱንም ሳንባውንም እዚያው ጨርሶ ነው ቤቱ የገባው።

ከከተማው ዳር አዲስ ሆቴል የሠራው ሰው ያን መንገድ ፎቶ እንደምታነሳ ሰምቶ መጣ። በልጅነቱ ለትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ ስታነሳው ያለቀሰባት ልጅ ነው። አሁን ቦርጭ አውጥቶ፣ ለግድግዳዎቹ የዚያን መንገድ ፎቶ፣ ያውም የጥንት መልክ ያለው እንደሚፈልግ ነገራት። ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው እንኳ ፎቶውን ስጪኝ ብሏት አያውቅም።

ታናሽ ወንድሟ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በአሮጌ ፒክአፑ ጭኗት ሲሄድ መንገዱን ሁሉ ሲያጉረመርም፣ እኔ ወጣትነቴን የፈጀሁት ከዚህ በረሃ ለመውጣት ነው፣ አንቺ በስተርጅና ትመልሽኛለሽ ሲላት ነበር። መንገዱ የአለቱን ትከሻ ታክኮ የሚታጠፍበት ቦታ ሲደርሱ ግን ፒክአፑን አቁሞ ቀድሟት ወረደ። የድጋፍ ግንቡ ያለ ሲሚንቶ ቆሞ፣ ከጥቂት ድንጋይ በቀር ንቅንቅ አላለም።

ካሜራዋን ከዳር አቁማ ስታስተካክል የሞተር ድምፅ ሰሙ። ሎደር ነው፤ ከኋላው ገልባጭ መኪና ይከተለዋል። ኦፕሬተሩ ወርዶ በትሕትና አስረዳቸው። ተቋራጩ አስፋልቱን ሊያሰፋ ነው፤ ይህ ድንጋይ ተፈልጦ ጠጠር ይሆናል፤ ፈቃድ አላቸው። ወንድሟ ክንዷን ያዝ አድርጎ እንሂድ አላት።

እሷ የካሜራውን ሦስት እግር ሰብስባ አነሳች። ሄዳ ግን መንገዱ መሀል ተከለችው፤ ዓይኑን ወደ ሎደሩ አዞረችና ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንባ ከሥሩ ገባች።

ኦፕሬተሩ ክላክስ ነፋ።

«ክላክሱን ተው፣ ልጄ» አለች ከጨርቁ ውስጥ። «ስነሳልህ ታየኛለህ።»

«መቼ ነው የሚነሱልኝ፣ እናቴ?»

«ብርሃኑ ሲስማማኝ።»

ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ብርሃኑ እስኪስማማ ገና ብዙ ይቀራል። ኦፕሬተሩ ሞተሩን አጥፍቶ ለአለቃው፣ ለራሱ ለተቋራጩ ደወለ። ወንድሟ በኀፍረት መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየና፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ፒክአፑን አምጥቶ መንገዱን ዘግቶ በአግድም አቆመው። ኮፈኑን ከፍቶ ውስጡን አጎንብሶ ያይ ጀመር። የገልባጩ ሾፌር ምን ሆነ ቢለው፣ ብልሽቱ ከባድ ነው፣ ቶሎ አይነሳም አለው።

አለቃው በአቧራ ታጅቦ ደረሰ። መጮህ ሲጀምር ግትሯ ራሷን ከጨርቁ አወጣች። ፊቷ በላብ ርሷል፤ ድምፅዋን ግን አላነሳችም።

«አባቴ በእጁ የደረደረው ነው። ታፈርሰው እንደሆነ አፍርስ፤ ግን ፎቶ አንስቼህ ነው። ፊትህ ጥርት ብሎ ይወጣል። ማን እንዳፈረሰው ደግሞ አገር ሁሉ በፎቶ ቤቴ መስኮት ያየዋል።»

ሰውየው ካሜራውን አየ፤ ሴትዮዋን አየ፤ የተከፈተውን ኮፈን አየ። ለራሱ የሆነ ነገር አጉተመተመና፣ ከታች ቀድሞ ከፈራረሰው በኩል ጀምሩ ብሎ አዘዘ። ሎደሩ ሲዞር፣ ግንቡና የብረት አፉ አንድ ላይ ሲታዩ አነሳችው። የታችኛውን መንገድ በዚያው ሰሞን ጠራርገው ወሰዱት። መታጠፊያው ግን ቀረ።

የሆቴሉ ባለቤት ፎቶውን ሲያይ አጨበጨበ። ቀጥሎ ግን ጣቱን ሎደሩ ላይ አሳረፈ። ኮምፒውተር የሚችል ሰው እንዳለው፣ ይህቺን አጥፍቶ ትንሽ ቡናማ ቢያደርግላት እንዴት እንደምታምር ነገራት።

«እትዬ፣ እንግዳው ሎደር ሊያይ አይመጣም። ጥንት ነው የሚፈልገው።»

«ጥንት ይሄው ነው፣ ልጄ። እየተበላ ያለ ጥንት። እሱን ካጠፋህ የእኔንም ስም አብረህ አጥፋው» አለችውና ፎቶዋን ጠቅልላ ወጣች።

ዛሬ በሆቴሉ ግድግዳ ላይ በስልክ የተነሱ፣ ቡናማ የተቀቡ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። እንግዶች ይወዷቸዋል። ወንድሟ አይቷቸው መጥቶ ያምራሉ ብሎ በፍርሃት ቢነግራት፣ ያምራሉ፣ ማን አያምሩም አለ ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

የራሷን ፎቶ አሳድጋ አጥባ በፎቶ ቤቷ መስኮት ጥግ ሰቀለችው። ተቋራጩ ስሜን ያጠፋልና ይውረድ ብሎ ሰው ላከባት። መልእክተኛው ገና ሳይርቅ ከጥግ አንስታ መሀል ላይ ሰቀለችው፤ አምፖልም ጨመረችለት። አንድ ቀን ኦፕሬተሩ ሚስቱን ይዞ መጥቶ፣ ያ እኔ ነኝ እያለ ሲያሳያት ቆየና አንድ ቅጂ ለመናት። ሠርታ ሰጠችው።

በመጪው ዓመት ለመታጠፊያውም ይመጣሉ የሚል ወሬ አለ። ወንድሟ ይህን ሲነግራት ፊልም እያጠበች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ይምጡ» አለችው። «አንተ ብቻ የፒክአፑን ጎማ ቀይር።»