ሰኪና የመሰከረችለት ምንጭ

ከአቃቂ ወንዝ ዳር፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ፣ ቧንቧው ሲጠፋ ሰፈሩ የሚቀዳት አንዲት ምንጭ አለች። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል፤ የአቃቂን ወንዝ ያየ ሰው ግን ምንጭ ቢያመሰግን አይፈረድበትም። ወንዙ ይከረፋል፤ አንድ ቀን ጥቁር፣ አንድ ቀን ቀይ ሆኖ ይወርዳል።

ለምንጯ የምትመሰክረው ሰኪና ናት። ልጅ ሆና ወሎ ሳለች አባቷ ከብት ከማጠጣታቸው በፊት የውሃውን ድንጋይ ይገለብጡ ነበር። ከሥሩ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ነፍሳት ካሉ ያጠጣሉ፤ ከሌሉ ከብቱን ይመልሳሉ። «ነፍስ ያለበት ውሃ ነፍስ አይነካም» ይሉ ነበር። ሰኪና ሃምሳ አምስት ዓመት ሞልቷትም ይህን አልተወችም። ጠዋት ጠዋት በጣሳ ትቀዳና ወደ ብርሃን ታነሣዋለች። ቁንጫ የሚያካክሉት ነፍሳት ሲፈናጠሩ ካየች፣ ወደተሰለፉት ሴቶች ዞር ብላ «ቅዱ» ትላለች። የሰፈሩ ላቦራቶሪ ይቺው «ቅዱ» ነበረች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ልጇ ዓሊያም የምትጠጣው ከዚያው ነው።

እንጀራዋ ፕላስቲክ መፍጫ ቤት ነው። ያረጀ ቢጫ ጀሪካን ተፈጭቶ ይመጣላታል፤ በወንፊት እያደረገች በርሜል ውስጥ ታጥበዋለች። ከወንፊቱ የሚያመልጠው ደቃቅ ከእጣቢው ጋር ይወርዳል። አሠሪዋ «ወንዙ ውስጥ ድፊው» ይላታል። እሷ ግን ታች በወንዙ ጎመን የሚያጠጡት ሰዎች እያሳዘኗት፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በባልዲ ተሸክማ ከምንጯ በላይ ካለው ሣር ላይ ስትደፋ ኖረች። አፈር ያጣራዋል ብላ። ወገቧ የጎበጠው በዚህ ደግነት ነው፤ ማንም አላዘዛትም።

ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ ሊዲያ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መረብና ማይክሮስኮፕ ይዛ መጣች። የውሃ ውስጥ ነፍሳት እንደምታጠና ስትሰማ ሰኪና ደስታዋን አልቻለችውም። የአባቷን ሙያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚማር ሰው አገኘች! እጇን ይዛ ወሰደቻት።

«ነይ ልጄ፣ እዚህ ሞልቶልሻል።»

ሊዲያ ውሃውን ጠብታ በጠብታ መስተዋት ላይ እያደረገች ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ቀና ብላ «እትዬ ሰኪና፣ እስቲ ይዩት» አለች።

ሰኪና ጎንበስ ብላ አየች። ጠብታው ውስጥ ያለችው ነፍሳት እንደ ብርጭቆ ናት፤ ልቧ ሲመታ እንኳ ይታያል። አንጀቷ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢጫ ነው።

«ምን በልታ ነው?»

«ፕላስቲክ ነው። ምግብ መስሏት። እንቁላሏን የምታቅፈው እዚህ ጀርባዋ ላይ ነበር፤ ይኸው ባዶ ነው። አሥራ ስምንት አየሁ፣ እንቁላል ያላት አንዷ ብቻ ናት። ሆዳቸው በዚህ ሲሞላ መራባት ያቅታቸዋል።»

ሰኪና ቢጫውን አወቀችው። ዘጠኝ ዓመት ጥፍሯ ሥር የኖረ ቢጫ ነው። የደፋችውን ሁሉ ክረምቱ እያጠበ ወደ ምንጯ ሲያወርደው ኖሯል። ለሰው በማዘኗ መቀጣቷ አንጀት ያቃጥላል።

«ሰውስ?» አለች።

«ስለ ሰው ገና በደንብ አልታወቀም፣ እትዬ።»

«ባፈላውስ?»

«ማፍላት ተውሳክ ይገድላል። ይሄ ግን የሚሞት ነገር አይደለም።»

በማግስቱ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ተሰልፈው ጠበቋት።

«አትቅዱ» አለች።

ባለሱቋ ላጢፋ ደነገጠች። «ነፍሳቱ አለቁ እንዴ?»

«አሉ።»

«ታዲያ ካሉ? ነፍስ ያለበት ውሃ ነፍስ አይነካም ያልሽን አንቺ አይደለሽ?»

«ሆዳቸውን የሞላው የእኔ ፕላስቲክ ነው። እላይ ሣሩ ላይ ስደፋ የኖርኩት እኔ ነኝ። ወላሂ አላወቅኩም ነበር።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የተሳደበ የለም፤ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ሰኪና» አለች ላጢፋ በመጨረሻ። «ቧንቧው ከጠፋ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ልጆቼን ምን ላጠጣቸው?» ቢጫ ጀሪካኗን ደቅና ሞላች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ሰልፉ ሲያልቅ ዓሊያ ቀረች፤ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በሌላው ጀሪካን ይዛ፣ ከንፈሯ ደርቋል።

«እማዬ፣ ልቅዳ?»

ሰኪና ጣሳውን አላነሣችም። ውሃውንም አላየችም።

«ቅጂ» አለቻት።