የተያዙት ኳሶች

ከመተሐራ የወጣሁት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሰፈሩ በሙሉ የእንግሊዝ ኳስ ለማየት ቪዲዮ ቤት ገብቶ ስለነበር መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። ወደ ሞጆ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ገና ስንነሣ ከቪዲዮ ቤቱ "ጎል!" የሚል ጩኸት ተሰማ። ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ አንገቱን በመስኮት አወጣና "ማን ነው ያገባው?" ብሎ ጮኸ። የመለሰለት የለም። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሱ እስከ ሞጆ ድረስ "ማን አግብቶ ይሆን?" ይላል። ስለ ኳስ የማውቀው ያንን ብቻ ነበር፤ ሰው ከጮኸ ገብቷል ማለት ነው። አሁን እኔ ስለ ኳስ ልጽፍላችሁ ተቀምጫለሁ፣ ያውም መተሐራ ውስጥ ማንም ስለማያውቀው ኳስ!

ከሞጆ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ ገባሁ። ናይሮቢ አራት ዓመት ሰው ቤት ሠራሁ። ከዚያ የእናቴ የአክስት ልጅ እትዬ አስቴር ከአራት ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ስፖንሰር አደረጉኝና የካቲት ላይ ቶሮንቶ ደረስኩ። ብርዱን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የእኛ ሙቀት ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ጥላ ስር ብትገቡ ይተዋችኋል። የዚህ ብርድ ግን አብሯችሁ ቤት ይገባል። ቲማቲሙ የሕፃን ጭንቅላት ያህላል፣ ስትበሉት ውሃ ነው። ሸንኮራ እንኳን አየሁ፤ አንድ ስንዝር የምታህል ቁራጭ በላስቲክ ተጠቅልላ! ከመኪና የወደቀውን አንስተን እየላጥን የምንበላው ሸንኮራ እዚህ እንደ መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሰዎቹ ደግሞ እግራቸውን ብትረግጧቸው "ሶሪ" የሚሉት እነሱ ናቸው። ለእኔ ተስማምቶኛል፤ ከእኔ የባሰ የሚያፍር ሰው ያየሁት እዚህ ነው።

የምኖረው ክሬሰንት ታውን አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእትዬ አስቴርና ከልጃቸው ከናሆም ጋር ነው። ናሆም አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ እዚሁ ነው የተወለደው። እናቱ በአማርኛ ይናገሩታል፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ ሁለቱም ይግባባሉ። እኔ ግን እንግሊዝኛ ስለማልችል ለእኔ ሲል ይሞክራል። የመጀመሪያውን የሥራ ኢንተርቪው አብሮኝ ሄዶ ያስተረጎመልኝ እሱ ነው።

ሥራው የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ቦታ ነበር። ሴትየዋ ወረቀት ላይ እየጻፈች ጠየቀችኝ።

"አንሶላ አጥፈሽ ታውቂያለሽ?"

"አራት ዓመት።"

"ካናዳ ውስጥ?"

"ካናዳ ከመጣሁ አሥራ አንድ ቀኔ ነው።"

"እንግዲያው የካናዳ ልምድ የለሽም። የካናዳ ልምድ ያስፈልጋል።"

"ልምዱን የት ነው የማገኘው?"

"ሥራ ስትሠሪ።"

ናሆምን "የካናዳ አንሶላ አራት ማዕዘን አይደለም ወይ በልልኝ" አልኩት። ቀስ ብዬ፣ ለራሴ ያህል ነበር ያልኩት። እሱ ግን ድርቅ ብሎ ተረጎመላት! መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ሴትየዋ ፈገግ አለችና "እንደውልላችኋለን" አለች። እስከ ዛሬ አልደወለችም። በኋላ ሌላ የልብስ ማጠቢያ ቀጠረኝ፣ አሁንም እዚያው ነኝ።

በጋው ሲገባ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ወዳለው ፓርክ መሄድ ጀመርን። ቤዝቦል የሚባለውን በዱላ የሚመታ ኳስ የሚጫወት የሐበሻ ቡድን አለ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አለ! ያቋቋሙት ጋሽ ተፈራ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ሲቆርጡ ጠባቧ የትኬት ክፍል ውስጥ በሬዲዮ ነው ቤዝቦል የተማሩት። አንድም ጨዋታ በዓይናቸው ሳያዩ ሕጉን ሁሉ አውቀውት ነበር ይባላል። ናሆም በሳቸው ቡድን ሾርትስቶፕ ነው፤ ሯጮቹ በሚረግጧቸው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል የሚቆመው፣ ብዙ ኳስ የሚመጣበት ቦታ ነው። እትዬ አስቴር ስለ ኳሱ ግድ የላቸውም። "ልጄ አማርኛ የሚያወራው እዚያ ሜዳ ላይ ብቻ ነው" ይሉኛል። "ከዚያ ካስወጡት ከእኔ ጋርም አያወራ።"

እኔ የተቆረጠ ሐብሐብ ይዤ እሄዳለሁ፣ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ፣ ዝም እላለሁ። አንድ ቀን ጋሽ ተፈራ መጡና ብዙ ትንንሽ ሳጥን ያለው የእንግሊዝኛ ወረቀት ሰጡኝ።

"ብዙነሽ፣ አንቺ ስልክሽን አትነካኪም፣ ትመለከቻለሽ። እያንዳንዱ ሲመታ ምን እንዳደረገ ጻፊልኝ። ገባሽ?"

"እሺ ጋሼ።"

"ይሄ ለዚህ፣ ያ ለዚያ። ገባሽ?"

"እሺ ጋሼ።"

ምንም አልገባኝም። ግን እሳቸውን የሚያህል ሰው እንዴት "አልገባኝም" ይባላል? ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና በራሴ ደብተር፣ በራሴ ምልክት መጻፍ ጀመርኩ። ስምንት ጨዋታ ሙሉ አንድም ሳላስቀር ጻፍኩ።

ከዚያ የሐምሌው ስብሰባ መጣ። ስብሰባ ማለት ፓርኩ ውስጥ ያለ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ጋሽ ተፈራ፣ ረዳታቸው ጋሽ ሽመልስና ደብተር ይዘሽ ነይ የተባልኩት እኔ ነን። ጉዳዩ ናሆም ነበር። ጋሽ ተፈራ ቦታውን ለዚህ በጋና ለሚቀጥለውም ለናሆም ሊሰጡት ይፈልጋሉ፤ ልጁ በየሳምንቱ "ዛሬስ አሰልፈውኝ ይሆን?" እያለ ሳይሸማቀቅ እንዲያድግ። ጋሽ ሽመልስ ደግሞ ሳሚ ይሰለፍ ይላሉ፤ ሳሚ ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ሁሌም የሆነች ነገር የሚመታ።

"ሠላሳ ጊዜ ለመምታት ቆሞ አራት ጊዜ ነው የመታው" አሉ ጋሽ ሽመልስ። "አራት! የእኔ ሚስት በመጥረጊያ ከዚህ የተሻለ ትመታለች። ቦታ ለሠራ ሰው ነው።"

"ልጁ እጅ አለው ሽመልስ።"

"እጅማ ሁላችንም አለን።"

"አሁን ተጠባባቂ ካደረግነው ይሄዳል፣ አይመለስም። እናቱ ነግራኛለች።"

"እኛ ቡድን ነን ወይስ የልጆች ማቆያ? ይልቅ ደብተሩ ይታይ።"

ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን አድርገው ገለጡት። ቀና ብለው አዩኝ።

"ብዙዬ፣ ከናሆም ስም ፊት ይሄ ሁሉ ኮከብ ምንድን ነው?"

"ጥሩ ሲመታ ነው ጋሼ።"

"አራት ጊዜ ነው እኮ የመታው! እዚህ ሃያ ሊሞላ ነው።"

"የተያዘለትን ነው የጻፍኩት።"

"የተያዘለት?"

"ኳሷን መትቶ ያ ጓንት ያደረገው ሰው ሲይዝለት።"

ጋሽ ሽመልስ ጠረጴዛውን ደበደቡት። "እናቴ! ኳሷ መሬት ሳትነካ ከተያዘች እኮ መቺው ወጣ ማለት ነው! ተቃጠለ!"

እንግዲህ ይህን የሰማሁት በዚያች ቀን፣ ከስምንት ጨዋታ በኋላ ነው። እኔ የመሰለኝ ሌላ ነው። አንዱ ወርውሮ ሌላው ከያዘው በደንብ ተላከ ማለት አይደለም? መቺው ተመልሶ ሲቀመጥ ሥራውን ጨርሶ የሚያርፍ መስሎኝ ነበር። ኳሷ ሣር ላይ ወድቃ የሚሮጡትን ደግሞ አዝንላቸው ነበር፤ ስላጠፉ የሚቀጡ መስሎኝ! ይህን ስነግራቸው ጋሽ ሽመልስ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "ተፈራ፣ ስምንት ጨዋታ ተገልብጦ ነው የተጻፈልህ!" ፊቴ እሳት ሆነ። ተነስቼ ልሄድ ነበር።

ጋሽ ተፈራ ግን አልሳቁም። ጣታቸውን ደብተሩ ላይ አድርገው፣

"ቆይ ቆይ። ኮከቡ አንዳንዱ ስሩ ሁለት መስመር አለው፣ አንዳንዱ አንድ። ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ሁለት መስመሩ ጓንቱ ጧ ሲል ነው። ኳሷ ቀጥ ብላ በኃይል ሄዳ። ድምፁ ደስ ስለሚለኝ ለብቻ ጻፍኩት። አንድ መስመሩ ወደ ሰማይ ወጥታ ቀስ ብላ የምትወርደው ነው።"

"ናሆም ስንት ጧ አለው?"

"አሥራ ሦስት።"

"ሳሚስ?"

"ሁለት። የሳሚ ብዙ ጊዜ መሬት ለመሬት ትንከባለላለች።"

ጋሽ ተፈራ ቀስ ብለው፣ "ሽመልስ፣ ይሄ ልጅ ኳሷን ከሁሉም በላይ እየደቆሳት ነው። ሰው ያለበት እየሄደችበት ነው እንጂ" አሉ።

"ሰው ያለበት መላክ ምን ችሎታ ነው?"

"ሜዳው ላይ ያሉት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፣ የቀረው ባዶ ሣር ነው። እንደዚህ የሚመታ ሰው ባዶውን ማግኘቱ አይቀርም።"

"'አይቀርም' ብሎ ጨዋታ ያሸነፈ የለም። ደግሞ ይህችን ልጅ ልትሰማ ነው? 'ወጣ' ምን እንደሆነ የማታውቅ!"

ያኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም። እኔ ነኝ፣ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ "አቤት" ለማለት የምፈራ የነበርኩት፣ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ከትምህርት ስቀር ማንም ያላስታወሰኝ። ቆሜ ተናገርኩ።

"ጋሽ ሽመልስ፣ እውነትዎን ነው፣ አላውቅም ነበር። ለዚህ ነው ያላደላሁት። ማን እያሸነፈ እንደሆነ እንኳን ሳላውቅ ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ሰባት ጊዜ ባዶ አየር መትቷል፣ እሱም ተጽፏል፣ ይዩት። ዝቅ ብላ ወደ ውጭ የምትሄደዋን ኳስ ይቸኩልባታል። ግን ከሰባቱም ስር የተጻፈውን ቀን ይዩ፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች ላይ አምስት፣ የኋለኞቹ ላይ ሁለት ናቸው። እየተማረ ነው። ልምድ የለህም ብለው ካስቀመጡት ልምዱን ከየት ያመጣዋል? እኔ ይሰጠው እላለሁ።"

ድምፄ ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። ውሻ ይዞ የሚያልፍ ፈረንጅ ዞሮ አየኝ። ደብተሩን ወደ ጋሽ ሽመልስ ገፋሁት።

ጋሽ ሽመልስ ደብተሩን ወደ ራሳቸው ሳቡና ገጽ በገጽ አዩት። "አምስትና ሁለት" አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ለጋሽ ተፈራ፣ "እሺ። ይሰጠው። ግን ሳምንት 'ይኸው አላልኩህም' ብዬ ስስቅብህ እንዳትቆጣ" አሉ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ "አንቺ ደግሞ መጻፍሽን ቀጥይ። ምንም እንዳትማሪ" አሉኝ።

ማታ ጋሽ ተፈራ ደውለው ለናሆም ሲነግሩት እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። "ሁለት ሰመር?" አለኝ። "ሁለት በጋ" አልኩት። "ዋው" አለ፣ ከዚያ ቃል ፈልጎ ፈልጎ፣ "ፈራሁ" አለኝ በአማርኛ። እትዬ አስቴር ከሳሎን ሰምተው አንገታቸውን አቀረቀሩ።

በሚቀጥለው እሁድ አሁን ሕጉን አውቄ ተቀመጥኩ፤ እንዴት ያስጨንቃል! ሳላውቅ ይሻለኝ ነበር። ናሆም በመጀመሪያው ተራው አየር መታ። ጋሽ ሽመልስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በሁለተኛው ጧ! ቀጥ ብላ ጓንት ውስጥ ገባች። ሁሉም "ኧረ!" ሲል እኔ ብቻዬን አጨበጨብኩ። በሦስተኛው ኳሷ በሁለት ሰዎች መሃል እንደ ጥይት አለፈች፤ ሣሩ ባዶ ነበር። ናሆም ሮጠ፣ እኔም ዘልዬ ተነሳሁ፣ "ሩጥ! ሩጥ!" እያልኩ ስጮህ ሐብሐቡን በእግሬ ደፋሁት። በአራተኛው ደግሞ እንደገና ተያዘች። "አንድ ጨዋታ ምንም አያረጋግጥም" አሉ ጋሽ ሽመልስ፣ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ደስታው አላስቀመጥ አለኝ፤ እዚያው ሜዳው ዳር ሆኜ እማዬን ኮል አደረግኳት።

ሁሉንም ነገርኳት፣ ትንፋሽ ሳልወስድ። ስለ ኮከቡ፣ ስለ ጧው፣ ስለ ባዶው ሣር። ቤዝቦል ምን እንደሆነ አልገባትም።

"እና አንቺ ነሽ ሰዎቹ ፊት ቆመሽ የተናገርሽው?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ እማዬ።"

"ጮክ ብለሽ?"

"ፈረንጅ እስኪዞር ድረስ!"

"እስቲ ድገሚልኝ" አለች። "ለሰውየው ያልሽውን። ልክ እንዳልሽው አድርገሽ።"

ቆሜ ጀመርኩ። "ጋሽ ሽመልስ፣ እውነትዎን ነው፣ አላውቅም ነበር..." ቃሉ ያው ነው፤ ድምፄ ግን የድሮው ሆኖ ወጣ፣ ከጉሮሮዬ በላይ አልወጣ አለኝ።

"አልሰማሁሽም ልጄ" አለችኝ።

ደገምኩት።

"አሁንም አልሰማሁሽም። እስቲ ቀረብ በይ።"