አፌ ውስጥ የገባ ጣት

አፌ መድረቅ ሲጀምር በሽታ ነው ያለ ሰው አልነበረም። ጥርሴ ሲቦረቦር፣ ናዝሬት ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ነውና «ውሃው ነው» ተባለ። ዓይኔ ሲቀላ «አቧራው ነው»። ሃይላንድ ውሃዬን ሳልይዝ ግን ማስተማር አልችልም ነበር፤ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ይቀራል። ዳቦ ያለ ሻይ አይወርድልኝም። ቆሎማ ጠጠር ነው። ተማሪዎቼ ፊት ከረሜላ የምመጥ አስተማሪ ሆኜ አረፍኩት።

ይህን ሁሉ ታላቅ ወንድሜ በራሱ ሚዛን መዘነው። ቀይ ዓይን፣ የተሰነጠቀ ከንፈር፣ ከእጅ የማይለይ ውሃ፣ ከረሜላ። አባታችን ጫት ቃሚ ነበር፤ ያጣ ቀን ወንድሜን በቀበቶ ይገርፈው ነበር። ወንድሜ ጌታን ተቀብሎ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ከሆነ በኋላም ጫት ሲያይ መንገድ ይቀይራል። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ልጡ እኔ ሆንኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የተከራየኋት ክፍል ሳያንኳኳ ገባ። ቦርሳዬን አልጋው ላይ ገለበጠው። ከከረሜላና ከጠመኔ ሌላ የወጣ ነገር የለም።

«የት ደበቅሽው?»

«ምኑን?»

በጥፊ መታኝ። ድሮም የተሰነጠቀው ከንፈሬ ተተረተረ። «አፍሽን ክፈቺ» አለና አገጬን ጨምቆ፣ ቅጠሉን ሊያወጣ ሌባ ጣቱን ጉንጬ ውስጥ ከተተው። ጣቱ ደረቅ ሥጋዬ ላይ እየተጣበቀ ሲልጠኝ ተሰማኝ። ነከስኩት። አጥንት እስካገኝ ነከስኩት። ጭንቅላቴን ከግድግዳው ጋር አጋጨው፤ አልለቀቅኩም። ደግሞ አጋጨው። የተላቀቅነው የተቦረቦረው ጥርሴ ሲሰበር ነው።

በዚያ ዓመት አፌ በደንብ የረጠበው በወንድሜ ደም ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ።

አከራዬ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ «ማል ታቴ፣ ኢንተላ ኮ? ምን ሆንሽ ልጄ?» እያሉ ሮጠው መጥተው መሃላችን ገቡ። ወንድሜ ጣቱን ይዞ ያለቅሳል። ዓይኔን አየና «እንባ እንኳ የለሽም። ጫቱ ልብሽን አደንድኖታል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማልቀስ ፈልጌ እንባ አልመጣልኝም።

የተሰበረውን ጥርሴን ያየው ሐኪም ነው አፌን አይቶ ወደ ሌላ ሐኪም የላከኝ። ደም ሰጠሁ፣ ከከንፈሬ ውስጥ ትንሽ ሥጋ ተወሰደ። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ ሰውነቴን ከበሽታ የሚከላከለው ኃይል፣ ምራቅና እንባ የሚያመነጩትን ዕጢዎቼን ጠላት መስለውት ይወጋቸዋል። ጨርሶ አይድንም፤ በመድኃኒት ይያዛል። ሊጠብቀኝ የተፈጠረው ነው የሚመታኝ ማለት ነው። ሳቄ መጣ፤ ከንፈሬ እንዳይተረተር ዋጥኩት።

የምርመራውን ውጤት ወረቀት ለወንድሜ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀኝ። እናታችን እልል አለች። አሁን ማዕድ ስንቀርብ ውሃውን ቀድሞ እኔ ፊት የሚያስቀምጠው እሱ ነው። ጉንጬን ሊስም ሲጠጋ ግን ዛሬም ትንፋሼን ያሸታል። ጣቱ ላይ ያለውን ጠባሳ እያየሁ ጉንጬን እሰጠዋለሁ። ደግሜ የማልነክሰው ይቅር ስላልኩት አይደለም፤ የቀሩኝ ጥርሶች ጥቂት ስለሆኑ ነው።