ማሽኑ የማይወጣው ዳገት

ከጭሮ መውጣት

ማሽላ በሚወቃበት ሰሞን ከጭሮ የተነሳሁት አንድ ዘፈን ፍለጋ ነው። ከበደሳ ወዲያ ባለች የተራራ መንደር ገበሬዎች ማሽላ ሲወቁ አንዱ ስንኝ ያወጣል፣ ዱላ የያዙት ይቀበሉታል። አውጪው የሰነፈውን ሰው በስሙ ጠርቶ ይሰድባል፤ የተሰደበውም ስቆ ዱላውን ከፍ ያደርጋል። ዘንድሮ መንደሯ የመውቂያ ማሽን ገባላት ሲባል ሰማሁ። ዘፈኑ ሳይጠፋ በስልኬ ልቅዳው ብዬ ወሰንኩ።

መናኸሪያው አጠገብ ፈጢራ በሻይ በልቼ ሚኒባስ ያዝኩ። እስከ በደሳ መቶ ሃምሳ ብር ከፈልኩ። መንገዱ ከጭሮ ወጥቶ ወደ ቁኒ ሲወጣ ብርዱ በመስኮቱ ገባ። ግራ ቀኙ እርከን ነው። ድሮ ቡና የነበረባቸው ብዙዎቹ እርከኖች አሁን ጫት ናቸው። አጠገቤ ለተቀመጠች የጫት ነጋዴ፣ ያ ሁሉ የቡና ዛፍ መነቀሉ ያሳዝናል አልኳት።

«ቡና የሚለቀመው በዓመት አንዴ ነው» አለችኝ። «የገበሬው ልጆችስ በዓመት አንዴ ነው የሚበሉት?»

መስኮቱን ዘጋሁ።

በደሳና ከዚያ በላይ

በደሳ የገበያ ቀን ነበር። ፍየል የሚጎትተውን፣ አገዳ የተሸከመውን እየገፋሁ አልፌ ሞተር ሳይክል ተከራየሁ። መንደሯ ከመታየቷ በፊት የማሽኑ ድምፅ ተሰማን። ማሽኑ መንገድ ዳር ቆሟል፤ በአንድ በኩል የማሽላ ዘለላ ይውጣል፣ በሌላው ፍሬ ይተፋል። ዙሪያው በገለባ አቧራ ታፍኗል። የሚያንቀሳቅሰው ጃፋር የተባለ የበደሳ ወጣት ነው፤ ሻርፕ አፉ ላይ አስሯል።

የመጣሁበትን ስነግረው «ለዘፈን ነው የመጣኸው? ሞተሩን ላጥፋልህና እኔ ልዝፈን?» ብሎ ሳቀብኝ። ቀጥሎ ወደ ዳገቱ አመለከተኝ። «አዴራ አህመድ ጋ ውጣ። ተኳርፈናል። ከኔ እንኳ አይደለም፣ ከማሽኑ ጋር ነው።»

አዴራ በዚያ አገር ኦሮምኛ አጎት ማለት ነው። አዴራ አህመድ የመንደሩ ዘፈን አውጪ ናቸው። ቤታቸው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላምታ ተለዋውጠን የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ ደስ አላቸው። ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። ሦስት ስንኝ ብለው አቆሙ።

«አልመጣም። ዱላዬ የለ፣ የሚቀበለኝ የለ» አሉና ስልኩን አዩት። «ይሄ ሰውዬ አይቀበልም።»

ወጣቶችን ዱላ አስይዘን ነገ እንደ ድሮው ብንወቃና ብቀዳስ? ልላቸው አፌን ስከፍት አንዲት ሴትዮ መጡ። ጎረቤታቸው አዮ ፋጡማ ናቸው፤ አዮ ደግሞ እናት ማለት ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ ሴት ልጆቻቸው ሩቅ ተድረዋል። ማሽላቸው ታጭዶ ላይኛው እርከን ላይ ተከምሯል። ከጋራው ጀርባ ደግሞ ያለወቅቱ ደመና ተነስቷል።

ጉዳዩን ቀስ በቀስ ተረዳሁት። ጉዛ የሚሉት የጋራ ሥራ አላቸው። አዴራ አህመድ በማለዳ አለት ላይ ወጥተው ይጣራሉ፤ የሰማ ሁሉ ይመጣል፤ የእህሉ ባለቤት ምሳ ብቻ ያበላል። ማሽኑ ዳገት ስለማይወጣ ዘንድሮ ልጅ ያለው በልጁ፣ አህያ ያለው በአህያው እያወረደ አስወቃ። አዮ ፋጡማ ልጅም አህያም የላቸውም። አዴራ አህመድ ደግሞ «ለሞተር አልጣራም፤ ዱላ ይዞ ለሚመጣ ነው የምጣራው» ብለው ምለዋል።

«አህመድ» አሉ አዮ ፋጡማ፣ ሳይቀመጡ። «አንተ ዘፈንህን ስትጠብቅ እህሌ ክምር ላይ ሊበቅል ነው።»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«ምንም። ምንም አላደረግክም! አምና ‹ፋጡማ ቤት ያልመጣ ከሴት ጋር ይቁጠሩት› እያልክ የዘፈንከው አንተ አይደለህም? ወላሂ፣ ዘንድሮ አውጪዋ እኔ ብሆን የምጠራው ያንተን ስም ነበር።»

አዴራ አህመድ መሬት መሬቱን አዩ። እኔም ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከእሳቸው ጎን ነበርኩ።

ቁልቁል

እሳቸው ቤት አደርኩ። ማለዳ ላይ የቀሰቀሰኝ ከአለቱ የመጣው ጥሪያቸው ነው። ሰዉ ከየቤቱ መውጣት ጀመረ።

«አዴራ፣ ከማሽኑ ታረቅህ?» አለ አንድ ወጣት።

«ከፋጡማ ነው የታረቅኩት። ተሸከም!»

የታሰረ ዘለላ እየተሸከምን በሰልፍ ወረድን። አዴራ አህመድ ከፊት ሆነው የመውቂያውን ዘፈን ጀመሩ፤ ግን ያ ዘፈን ለዱላ ምት የተሠራ ነው። እግር ሊከተለው ሲል ሸክሙ ይወዛወዛል።

«አዴራ፣ በዚህ ዘፈን ገደል ልንገባ ነው!» ብሎ ጮኸ አንዱ።

ሳቅ ሆነ። እሳቸው ዘፈኑን አቋርጠው መታጠፊያው ላይ ቆመው እግራችንን አዩ። ከዚያ ዜማውን አረዘሙት፣ ቁልቁለቱ እንደሚያስረግጠን አድርገው። ስንኙም አዲስ ነበር፤ ትርጉሙ እንዲህ ነው፦

ባለብረት ሆዷ፣ ዳገት አትወጪም፣
እኛን ካልጠራሽን እራት አታገኚም።

ሰልፉ በሙሉ ተቀበለ። ቀጥሎ ተራው የኔ ሆነ፤ የጭሮው እንግዳ ሸክሙ የድመት ልጅ ታህላለች ብለው ዘፈኑብኝ። ወደ ላይ ስመለስ የጨመርኩት ሸክም እስካሁን ትከሻዬን ያመኛል።

ጃፋር ሰልፉ እስኪያልቅ ሞተሩን አላስነሳም። «እየዘፈኑ? አይሆንም፣ ነውር ነው» አለ። የአዮ ፋጡማ ማሽላ በአንድ ጠዋት ተወቅቶ ቤት ገባ፤ ምሳችንን የማሽላ ቂጣ በአብሽ በላን። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ባዶ እርከን ላይ ወረደ።

መመለስ

በማግስቱ ያንኑ መንገድ ተመለስኩ። የቁኒን የጫት እርከኖች ሳይ ለነጋዴዋ አሁንም መልስ አላገኘሁም፤ የተነቀለው ቡና በዘፈን አይመለስም። የመንደሯን ነገር ግን አይቻለሁ። ማሽኑ የወሰደው ዱላውን ነው። መጠራራቱን ሊያስቀር የነበረው የአዴራ አህመድ ኩርፊያ ነበር። የኔም ምኞት ያንኑ ኩርፊያ የሚያግዝ ነበር፤ ዘፈኑ እንደነበረ እንዲቆይልኝ ስል ማሽላው ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ጭሮ ስገባ ጓደኞቼ «አምጣ፣ አሰማን» አሉ። ስልኬ ውስጥ ያሉት አዴራ አህመድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያሏቸው ሦስት ስንኞች ናቸው። ቁልቁለቱ ላይ ሁለቱም እጆቼ ሸክም ይዘው ስለነበር ምንም አልቀዳሁም። ስልኩን አላወጣሁም። ቆሜ፣ እግሬን ቀስ ብዬ እየረገጥኩ፣ እኔን የሰደቡበትን ዘፈንኩላቸው። እነሱም ተቀበሉኝ።